ክፋት ይቆጠራል ወይ?
(በዓመታዊው የምሩቃን መገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



ርእሴን ለአዘጋጆቹ ስልክላቸው አንዷ የኮሚቴ አባል፣ «ኮምፒዩተር ደግሞ የሰውን ክፋት መቁጠር ጀመረ?» ብላ ሳቀችብኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ስለሆነ ይዤው መጥቻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ልናገር።

በ2003 የአሜሪካ የፊልም ኢንስቲትዩት 50 ጀግኖችንና 50 እኩያን ገፀ ባሕርያትን በደረጃ አውጥቶ ነበር። ከእኩያኑ አንደኛ የወጣው «ዘ ሳይለንስ ኦቭ ዘ ላምብስ» ላይ ያለው ዶክተር ሃኒባል ሌክተር ነው። ደረጃውን የሰጡት ሰዎች ናቸው። የእኛ የኮምፒዩተር ሰዎች ጥያቄ ደግሞ፣ ማሽን የፊልምን ጽሑፍ ብቻ አንብቦ እኩዩን ከሰናዩ መለየት ይችላል ወይ? የሚል ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ ቀላል ነው። «መግደል»፣ «ደም»፣ «ጥላቻ»፣ «በቀል» እያላችሁ የክፉ ቃላት ዝርዝር ታዘጋጃላችሁ። ከዚያ እያንዳንዱ ገፀ ባሕርይ ከተናገረው ውስጥ ከዝርዝሩ የሚገኘውን ትቆጥሩና ለጠቅላላው ቃል ታካፍላላችሁ። የሚቆጠር ጽሑፍም አይጠፋም፤ በ2011 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወጣው ስብስብ ብቻ የ617 ፊልሞችን ምልልስ ይዟል።

ዘዴው ግን ቶሎ ይወድቃል። በ1968 የወጣውን «2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ያያችሁ፣ ሃል የተባለውን ኮምፒዩተር ታስታውሳላችሁ። የመንኮራኩሩን ሰዎች ሲፈጅ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ አይሳደብም፣ ትሕትናውም አይጎድልም። በቃል ቆጠራ ሃል ጨዋ ነው! በአንጻሩ ነፍሰ ገዳይ የሚያሳድድ መርማሪ ቀኑን ሙሉ ስለ ሬሳና ስለ ደም ስለሚያወራ ቆጠራው እሱን ክፉ ያደርገዋል። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ለሆነው፣ ማሽኑ የሚያየው ቅቤውን ብቻ ነው።

በ2013 ዴቪድ ባማን፣ ብሬንዳን ኦኮነርና ኖአ ስሚዝ ከአፍ ይልቅ እጅ ላይ አተኮሩ። ከዊኪፒዲያ የተወሰዱ 42,306 የፊልም ታሪክ ማጠቃለያዎችን ይዘው፣ ለእያንዳንዱ ገፀ ባሕርይ ሦስት ነገር ሰበሰቡ፤ ምን አደረገ፣ ምን ተደረገበት፣ በምን ቃል ተገለጠ። የሠሩት ክፋትን ለመለካት አልነበረም፤ የገፀ ባሕርያትን ዓይነት ለመለየት ነው። ለእኔ ግን የጎደለኝን አሳየኝ።

እዚህ ላይ ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የአማርኛ ግሥን ከቅጥያዎቹ አራቁቶ ሥሩን የሚያወጣ ፕሮግራም ነበር። «ገደለ»፣ «አስገደለ»፣ «ተገደለ»፣ «ገደሉብኝ»፣ ሁሉም አንድ ሥር ይሆናሉ። አማካሪዬ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ጥሩ ውጤት ነበር የሰጡኝ፣ አሁን እንዳይቀንሱብኝ!

ከዓመታት በኋላ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ጥላቻ የሚነዙ መልእክቶችን የሚያግድ ሥርዓት ስንሠራ ያንኑ ፕሮግራም አስገባሁት። አንድ ቀን ከታገዱት አንዱን ከፍቼ አነበብኩ። የአንዲት እናት መልእክት ነው። «ልጄን ገደሉብኝ» ትላለች፣ ደጋግማ፤ ከዚያ ዘመድ ወዳጁን ለአርባው ትጠራለች። ፕሮግራሙ ግድያውን አየ። ማን ላይ እንደደረሰ የምትናገረውን ያቺን ትንሽ «ብኝ» ግን እኔው ቆርጬ ጥያት ነበር። እናቲቱ ከገዳዮቹ ጋር ተሰለፈች። እገዳውን አነሣሁ፤ አርባው ግን አልፏል።

እስቲ አስቡት፤ በአማርኛ ትልቁ ፍርድ ያለው ቅጥያው ላይ ነው። «አስገደለ» ስንል እጁን ሳያቆሽሽ ያዘዘውን እናውቀዋለን። «ተገደለ» ስንል ገዳዩ ከዓረፍተ ነገሩ ሾልኮ ይወጣል። «ገደለብኝ» ስንል ጉዳቱ ማን ላይ እንዳረፈ እንሰማለን። ቅድም አማካሪዬን «እንዳይቀንሱብኝ» ስል ማን እንደሚጎዳ የነገረቻችሁም ያችው ቅጥያ ናት። በፊልምም ዋናው እኩይ ብዙ ጊዜ በ«አስ» የሚኖር ሰው ነው፤ ያስደበድባል፣ ያሳስራል፣ ያስገድላል።

ታዲያ ክፋት ይቆጠራል ወይ? ቃሉን መቁጠር ክፋትን መለካት አይደለም። ማን፣ በማን ላይ፣ ምን እንዳደረገ መመዝገብ ግን ይቻላል። ይህም ቢሆን ፍርዱን አይጨርስልንም። ተርሚኔተር በ2003ቱ ዝርዝር ከእኩያኑም ከጀግኖቹም ጋር አለ፤ በመጀመሪያው ፊልም ሊገድል ያሳድዳል፣ በሁለተኛው ልጅ ያድናል። በሁለቱም ይተኩሳል። ለማን ብሎ እንደተኮሰ የሚጠይቅ ሰው ከማሽኑ አጠገብ መቀመጥ አለበት።

አሁን እዚህ ለምታስተምሩ አንድ ልመና አለኝ። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ በእግር የሚኬድ ነው፤ እኔ ግን ተማሪ ሳለሁ አንድም ቀን ስለ ግሥ ልጠይቅ ወደ ቋንቋ መምህራን ወጥቼ አላውቅም። የኮምፒዩተርና የቋንቋ ተማሪዎቻችሁን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧቸው። የአማርኛ ፊልሞችን ምልልስ አብረው ይሰብስቡ፤ ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ፣ ከነቅጥያው፣ ምልክት ያድርጉበት። የእኔን ፕሮግራም ግን የሚማርበት እንጂ የሚሠራበት እንዳያገኝ እለምናለሁ።

አማካሪዬም ውጤቱን እንደገና ማየት ከፈለጉ፣ ግድ የለም፣ ይቀንሱብኝ።