የአንድ ቀን ዝንብ ከየትኛው መዝገብ ይገባል?



በዝናብ መግቢያ፥ ማታ ማታ ከመንገድ መብራት ሥር ሲተራመስ አምሽቶ ጠዋት በረንዳ ላይ ክንፉን አራግፎ የምናገኘውን ክንፋም ምስጥ የማያውቅ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ብዛቱን ስናይም «እንደ አሸን ፈላ» እንላለን። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ከመሬት ሳይሆን ከውሃ ስለሚፈላ ሌላ ፍጥረት ነው። እንግሊዞች በሜይ ወር፥ ማለት በኛ ከሚያዝያ ማገባደጃ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፥ ስለሚታያቸው የሜይ ዝንብ ይሉታል፤ ጀርመኖች ደግሞ የአንድ ቀን ዝንብ ብለው ይጠሩታል። የሊቃውንቱ ስም ኤፌሜሮፕቴራ ሲሆን፥ ይኸውም ከግሪክ ቋንቋ ተወስዶ «ለአንድ ቀን ብቻ የሚቆይ ክንፍ» እንደ ማለት ነው። እኛም ለዛሬው ንግግራችን በጀርመኖቹ ስም እንጠቀም፤ ነገር ግን ዝንብ መባሉ ትክክል እንዳልሆነ አስቀድሜ ላስታውቃችሁ። እውነተኛ ዝንብ ሁለት ክንፍ ብቻ ሲኖረው፥ የዚህ ወገን አብዛኛው ባለ አራት ክንፍ ነው።

«የአንድ ቀን» መባሉም ቢሆን ግማሽ እውነት ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመታት በፊት በጥቁር ባሕር አካባቢ ካለ ወንዝ እየወጣ እስከ ማታ ብቻ የሚኖር በራሪ ፍጥረት እንዳለ ጽፎ ነበር። ያን ጊዜ የታየው የመጨረሻው ቀን ብቻ ነው። ያልታየውን የገለጠው ያን ስዋመርዳም የተባለ የሆላንድ ሐኪም ነበር፤ እርሱም በ1675 (በዚህ ንግግር የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባሳተመው መጽሐፍ፥ ይህ ፍጥረት በአንድ ምሽት ከመብረሩ በፊት በወንዝ ዳር ሸክላ ውስጥ ጉድጓድ ምሶ ሦስት ዓመት ያህል እንደሚኖር አስረዳ።

ሦስት ዓመት በውሃ፥ አንድ ምሽት በአየር! ወገኑ ከሦስት ሺህ ዝርያ በላይ ስለሆነ ጊዜው ከዝርያ ወደ ዝርያ ይለያያል፤ አንዳንዱ በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ያድጋል። በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኝ አንድ ዝርያ ደግሞ አለ፤ የሴቷ የክንፍ ዕድሜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።

የሚገርመው፥ ክንፍ ያወጣው ፍጥረት ለምግብ የሚሆን አፍ የሌለው መሆኑ ነው። አፉ ከስሟል፤ አንጀቱም በምግብ ፈንታ አየር ተሞልቷል። የበላው፥ ያደገው፥ የተነፈሰው በውሃ ውስጥ እጭ ሳለ ነው። እጩ በሆዱ ግራና ቀኝ እንደ ዓሣ ስንጥብ ያሉ ቅጠል መሳይ መተንፈሻዎች አሉት፤ ከኋላውም ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ጭራዎች ይታያሉ። ጊዜው ሲደርስ ወደ ውሃው ገጽ ይወጣና ቆዳውን ቀድዶ ደብዛዛ ክንፍ ያወጣል፤ በርሮም ከዛፍ ቅጠል ላይ ያርፋል። እዚያም ያን አዲስ ክንፍ እንኳ ሳይቀር ቆዳውን እንደገና ይገፍፋል፤ ያን ጊዜ ክንፉ እንደ መስተዋት የጠራ ይሆናል። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ነፍሳት መካከል፥ መብረር ከቻለ በኋላ ቆዳውን የሚለውጥ ከዚህ ወገን በቀር ሌላ የለም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። የሚታወቀው ሲበር ነው፤ የሚኖረው በውሃ ነው፤ ከየትኛው መዝገብ እናግባው? እኔ ሥራ የጀመርኩት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበር። አለቃችን የነበሩት ሽማግሌ፥ አንድ ፋይል የሚቀመጠው በመጨረሻ ከተገኘበት ጠረጴዛ ሳይሆን ጉዳዩ ሲሠራበት ከኖረው ክፍል ነው ይሉን ነበር። በመዝገብ ቤት ሥራ ሁልጊዜ ልክ ነበሩ ለማለት አልደፍርም፤ ለአንድ ቀን ዝንብ ግን ፍርዳቸው ትክክል ነው። ታላቁ የስዊድን ሊቅ ሊኔዎስ በ1758 ፍጥረታትን ሲመድብ ክንፉን አይቶ፥ እንደ መረብ የተሰመረ ክንፍ ካላቸው ጋር ደባልቆት ነበር። ኋላ ግን የአካሉ አሠራርና አስተዳደጉ የተለየ መሆኑ ስለ ታወቀ ራሱን የቻለ ክፍለ መደብ ሆነ። የኑሮው ስፍራ ሲጠየቅም መልሱ አንድ ነው፤ የወንዝና የሐይቅ፥ ማለት የጨው አልባ ውሃ ነፍሳት ነው።

ይህ የስም ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካና በካናዳ ወሰን ላይ ኤሪ የሚባል ሰፊ ሐይቅ አለ። ከሐይቁ በስተምዕራብ፥ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነው ክፍል፥ ሄክሳጄኒያ የተባለው የአንድ ቀን ዝንብ እጭ በግርጌው ጭቃ ውስጥ እጅግ በዝቶ ይኖር ነበር። በበጋቸው ምሽት ወደ ከተሞቹ መብራት እየጐረፈ ሲረግፍ፥ ሰዎች ከመንገዱ ላይ በአካፋ ይዝቁት ነበር፤ ሲበሰብስም እንደ ዓሣ ይሸታል። ይህን የሚጠርግ ሰው ፍጥረቱ ቢጠፋለት አይጠላም ብዬ እገምታለሁ።

እውነትም ጠፋ። በሴፕቴምበር 1953 ብሪት የተባለ ተመራማሪ ከሐይቁ ግርጌ ጭቃ ሲያወጣ፥ ያገኘው እጭ አብዛኛው የሞተ ሆነ። ያን ሰሞን ሙቀት ነበረ፤ ነፋስም አልነበረም። ከላይ የሞቀው ውሃ ከታች ካለው ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ሳይደባለቅ ስለ ቆየ፥ ወደ ግርጌው አዲስ ኦክሲጅን አልወረደም። ይሁን እንጂ ነፋስ መጥፋቱ ብቻውን ይህን ያህል ጥፋት ባላመጣ ነበር። ከከተማ ፍሳሽና ከእርሻ የሚወርደው ፎስፎረስ ዋቅላሚ የሚባለውን አረንጓዴ የውሃ ሽፋን ያበዛል፤ ዋቅላሚው ሲሞት ወደ ግርጌ ሰጥሞ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም በዚያ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳል። ከላይ ለሚያይ ሰው ሐይቁ ሐይቅ ነው፤ ጀልባውም ይሄዳል። በጭቃው ውስጥ ያለው ግን ታፍኖ አለቀ። እጩን ይመገቡ የነበሩ ዓሦችም ከዋና ምግባቸው አንዱን አጡ።

ሁለቱ መንግሥታት በ1972 ስለ ታላላቆቹ ሐይቆች ንጽሕና ስምምነት ተፈራርመው የፎስፎረሱን መጠን መቀነስ ጀመሩ። ሄክሳጄኒያ በብዛት መመለስ የጀመረው ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በአንድ ሰሞን የጠፋው ለመመለስ አርባ ዓመት ያህል ፈጀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መንጋው ሲነሣ በአየር ጠባይ መመልከቻ ራዳር ላይ እንደ ዝናብ ደመና ይታያል። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ራዳር መቁጠሪያ አድርጎ፥ በ2015 እና በ2019 መካከል በሐይቁ ምዕራባዊ ክፍል የሚነሣው መንጋ ከግማሽ በላይ እንደ ቀነሰ ገልጿል። አካፋ ይዘው የሚያማርሩት የከተማ ሰዎች አሁን ስለ ቁጥሩ ምን እንደሚሉ ብሰማ ደስ ባለኝ።

ይህ ወገን በሀገራችን የደጋ ወንዞችም አለ፤ ተመራማሪዎቻችንም የወንዝን ንጽሕና ለመመዘን እጩን ይቆጥራሉ። ሁሉም ዝርያ እኩል ስስ አይደለም፤ አንዳንዱ ትንሽ እድፍ ይችላል። ነገር ግን ብዙ ዓይነት በአንድ ስፍራ ከተገኘ ውሃው ኦክሲጅን የሞላው ለመሆኑ ጥሩ ምስክር ነው። ለሰው መጠጥ የሚሆን ነው ማለት ግን አይደለም፤ በሽታ አምጪ ተህዋስያንን እጩ አይነግረንም።

ለእረፍት ከከተማ ወጣ ስትሉ ልታዩት ትችላላችሁ። ውሃው በድንጋይ መካከል እየፈጠነ ከሚወርድበት ስፍራ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሥታችሁ ከሥሩ ተመልከቱ። ሦስት ጭራ ያለውና በሆዱ ጐን ቅጠል የሚመስል ነገር የሚያርገበግብ ታናሽ ፍጥረት ካገኛችሁ እርሱ ነው። ከውሃ ውጭ ብዙ አታቆዩት፤ ድንጋዩንም በነበረበት ጐኑ መልሱት።