ከእንዶድ የተገኘ ትምህርት፤ ዩኒቨርሲቲ ለተመራማሪው ሊሰጠው ስለሚገባ ድጋፍ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት የወንዝ ዳር ከሌላው ቦታ ይልቅ በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተገኙ። እናቶች ከትውልድ ትውልድ ለልብስ ማጠቢያ ሲገለገሉበት የኖሩት ፍሬ ቀንድ አውጣውን የሚገድል መሆኑም በቤተ ሙከራ ተረጋገጠ።

ማስተዋሉ የአንድ ቀን ሥራ ነበር፤ ማሳመኑ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጀ። ለምን ቢባል፣ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ሰውንና ከብትን፣ ዓሣንም ጭምር ምን ያህል እንደሚጎዳ አስቀድሞ መታወቅ ስላለበት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የምርምር ሥነ ምግባርም ከዚህ የተለየ ትርጉም የለውም። ነገር ግን መልሱ በቃል አይሰጥም። አሜሪካ በ1978፣ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትም በ1981 ባወጧቸው ደንቦች መሠረት የደኅንነት ምርመራ ውጤት ተቀባይነት የሚያገኘው እያንዳንዱ ልኬት ቀንና ፊርማ ሲኖረው፣ መሣሪያው ትክክለኛነቱ ሲመረመር፣ መዝገቡም በገለልተኛ ሰው ሲታይ ነው። ይህን ሁሉ አንድ መምህር በትርፍ ሰዓቱና በደመወዙ ሊሸከመው አይችልም። በመሆኑም የእንዶድ ምርመራ በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች ተከናውኖ ውጤቱ የታተመው በ1990 ገደማ ነው። በዚያው ጊዜ፣ በ1989፣ ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ።

ሁለተኛው ምዕራፍ መሐንዲሶችን ይበልጥ ይመለከታል። በ1980ዎቹ ማብቂያ ዜብራ መስል የምትባል ትንሽ ባለዛጎል እንስሳ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ተዛምታ የኃይል ማመንጫዎችንና የከተማ ውሃ ቧንቧዎችን ትደፍን ጀመር። ዶክተር አክሊሉ በ1990 በኦሃዮ ግዛት ወደሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በተጋበዙ ጊዜ እንዶድ ይህችንም እንስሳ እንደሚገድል በሙከራ ታየ። የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ፓተንት የሚያዘጋጅ ክፍልና ጠበቃ ስለነበረው አጠቃቀሙን በስሙ አስመዘገበ። የዓድዋ እናቶች ዕውቀትና የኢትዮጵያ ምርምር ባለቤትነት ጥያቄም ብዙ ክርክር አስነሳ። ከክርክሩ በፊት ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ አንደኛው ወገን ቢሮ ነበረው፤ ሌላኛው ወገን ግን የነበረው የታተመ ጽሑፍ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለውን ቢሮ ቀደም ብሎ ካቋቋሙት አንዱ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ነው። ፕሮፌሰር ሃሪ ስቲንቦክ ምግብን በአልትራቫዮሌት ጨረር በማከም ቫይታሚን ዲ እንደሚገኝበት ደርሰውበት፣ ለፓተንቱ 300 ዶላር ከኪሳቸው ከፈሉ። በ1925 የቀድሞ ተማሪዎች ባቋቋሙት ፋውንዴሽን አማካይነት ፈቃዱ ለአምራቾች እየተሰጠ፣ ገቢው ወደ ዩኒቨርሲቲው ምርምር ተመለሰ። ሆኖም ይኸው ፋውንዴሽን የቅቤ አምራቾችን ለመጠበቅ ሲል ለድሆች ምግብ ለሆነው ማርጋሪን ፈቃድ በመከልከሉ በ1940ዎቹ በፍርድ ቤት ተወቅሷል። ስለዚህ ቢሮ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ቢሮውም ራሱ በሥነ ምግባር መታሰር ይኖርበታል።

ሕጉን በሚመለከት ኢትዮጵያ ባዶ እጇን አይደለችም። የፈጠራ ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 123 በ1987 ዓ.ም. ወጥቷል። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ዕውቀቱ የተገኘበት ማኅበረሰብ አስቀድሞ እንዲፈቅድና ከጥቅሙም እንዲካፈል ደንግጓል። ይሁን እንጂ አዋጅ በራሱ ቅጽ አይሞላም፤ ምርመራም አያካሂድም።

ከዚህ ታሪክ ለዩኒቨርሲቲዎች የሚተርፉ ሦስት ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ መምህሩ ውጤቱን ለመጽሔት ከመላኩ በፊት የሚያማክረው ሰው ሊኖር ይገባል፤ አስቀድሞ የታተመ ሐሳብ በብዙ አገሮች አዲስነቱን አጥቶ ፓተንት ይነፈገዋልና። ሁለተኛ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ በር ዘግቶ የሚጠብቅ ዘበኛ ሳይሆን ከጥናቱ መነሻ ጀምሮ መዝገብ አያያዝንና የተሳታፊዎችን ፈቃድ አጠያየቅ የሚያስተምር ረዳት ይሁን። ሦስተኛ፣ ከፈጠራው ገንዘብ የሚያገኝ ሰው የፈጠራውን ደኅንነት ብቻውን አይመስክር፤ ጥቅሙን ያሳውቅ፤ ምርመራውንም ሌላ እጅ ይሥራው።

ሁለቱን ተግባራት፣ ይኸውም ቁጥጥሩንና ንግዱን፣ እንደ ተቃራኒ ወገኖች የሚያዩ አሉ። የእንዶድ ታሪክ ግን የሚያሳየው ሁለቱ በአንድ መዝገብ ላይ የሚቆሙ መሆናቸውን ነው። ቀንና ፊርማ ያለው ማስታወሻ ለሐኪሙ የደኅንነት ማስረጃ፣ ለፓተንት መርማሪው የቀዳሚነት ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ያ ማስታወሻ በዛሬው ቀን በየቤተ ሙከራው በትክክል እየተጻፈ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ የእያንዳንዱ የማኅበሩ አባል ተግባር ነው።