ርእሰ መምህሩ ያላስተማረበት ክፍል



ከእናንተ ብዙዎቹ በሁለተኛ ደረጃ ያስተማራችሁ ናችሁ። ምደባው ግን አንደኛ ክፍል ወዳለበት ትምህርት ቤት ሊወስዳችሁ ይችላል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን በመጀመሪያ ደረጃነት አጠቃልሎት ነበር፤ አዲሱ አደረጃጀት 7ኛንና 8ኛን መካከለኛ ደረጃ ብሎ ለይቷል። ቢሆንም የሰባት ዓመት ሕፃንና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ዛሬም በአንድ ርእሰ መምህር ሥር ይማራሉ።

እኔ 11ኛና 12ኛ ክፍል ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ነው ወደ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በርእሰ መምህርነት የተዛወርሁት። በመጀመሪያው ወር አንዲት አንጋፋ የአንደኛ ክፍል መምህርት ሲያስተምሩ ታዘብሁ። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ከፊሎቹ ልጆች ቆመዋል፤ አንዱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ በጣቱ ይጽፋል። በምልከታ ቅጹ «የክፍል አያያዝ» በሚለው ትይዩ ዝቅተኛውን ነጥብ ሞላሁ። ነጥቡ ከሥራ አፈጻጸማቸው ጋር ተዳምሮ ወደ ወረዳው ሄደ። የደረጃ ዕድገት የሚጠብቁበት ዓመት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

አንድ ቀን መምህርቷ ታመው ቀሩ፤ ተተኪ ስላልተገኘ እኔው ገባሁ። ልጆቹን ጸጥ አሰኝቼ የ«መ»ን ዘር ከግዕዝ እስከ ሳብዕ አስባልኋቸው። በአንድ ድምፅ ሲከተሉኝ ደስ አለኝ። ከዚያ «ሞ» ላይ ጠቁሜ አንዷን ብቻዋን ጠየቅኋት። ከ«መ» ጀምራ በዜማ ካልወረደች አልደረሰችበትም። ሌሎቹም እንዲሁ። እርሳቸው ያስተማሯቸውን «ሀ»ንና «ለ»ን ስጠይቅ ግን የትም ብጠቁም ለዩልኝ። ያ ጫጫታ እያንዳንዱ ልጅ ለየራሱ ፊደል ሲለይ የሚሰማ ድምፅ ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጽ ናቸው፤ በኅብረት በማዜም ብቻ አይለዩም።

ሲመለሱ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አይ ዳይሬክተር፣ እርስዎም እኮ አንደኛ ክፍል ከተማሩ ቆይተዋል» አሉኝ። ነጥቡ እንዲታረም ለወረዳው ጻፍሁ፤ ለዚያ ዓመት ዕድገት ግን አልደረሰም።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ አንደኛ ክፍል አስተማርሁ፤ መንፈቅ ዓመቱ እስኪያልቅም የምልከታ ቅጽ አልያዝሁም። በምክትልነት መቀመጥ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ምክትል የሚውለው ከቀሪ ተማሪና ከፈተና ፕሮግራም ጋር ነው። ስለዚህ ፋኩልቲው የተግባር ልምምዱን ሲመድብ፣ ከሁለተኛ ደረጃ የመጣውን ሠልጣኝ ቢሮ ሳይሆን አንደኛ ክፍል ጠመኔ አስይዞ እንዲያስገባው እጠይቃለሁ።