የታመመን ሕፃን ለማዳን የኛ ድርሻ
(በመስጊዳችን የመታሰቢያ ዝግጅት ላይ የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይስፈን።



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ችግረኛ ሕፃናትን ያለ ክፍያ ስለሚያክሙ በጎ አድራጊዎች ነው። ርዕሱ ሰፊ ስለሆነ በአንድ በሽታ ላይ ብቻ ላተኩር እወዳለሁ። እርሱም የሕፃናት የልብ በሽታ ነው።

በሽተኛን በነፃ ማከም ለእስልምና እንግዳ ነገር አይደለም። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሩፈይዳ አል‑አስለሚያ የምትባል ሰሐቢይት በመዲና ድንኳን ተክላ ቁስለኞችን ታክም እንደነበር ይታወቃል። በኋላም በ13ኛው መቶ ዘመን ሱልጣን ቀላውን በካይሮ ከተማ ትልቅ ሆስፒታል አሠርተው ወጪው ከወቅፍ ገቢ እንዲሸፈን አደረጉ። ድሃውም ሀብታሙም፣ ወንዱም ሴቱም ያለ ክፍያ ይታከምበት ነበር። አንድን ነፍስ ያዳነ ሰው የሰውን ዘር ሁሉ እንዳዳነ የሚቆጠር መሆኑን ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳህ አስተምሮናል። እነዚያ ሰዎች ይህን በሥራ ተረጎሙት።

በአገራችንም ይህን መንገድ የተከተሉ አሉ። የሕፃናት የልብ ሐኪም የሆኑት ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ ልብ ተከፍቶ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ልጅ ወደ ውጭ አገር ካልተላከ ተስፋ አልነበረውም። ሁሉን ልጅ በአውሮፕላን ልኮ ማሳከም ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ከብዙ ዓመት ጥረት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። በግብፅ የተወለዱት ስመ ጥር የልብ ቀዶ ሐኪም ማግዲ ያዕቆብ በእንግሊዝ አገር ያቋቋሙት በጎ አድራጎት ድርጅት ከደጋፊዎቹ አንዱ ነው። ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ሐኪሞችና ነርሶች ሥራቸውን ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት ትተው ያለ ደመወዝ ሕፃናትን ያክማሉ፤ ለኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም ዕውቀታቸውን ያካፍላሉ። ሆኖም ተራ የሚጠብቁት ሕፃናት በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው።

ወገኖቼ፣ ይህ ወረፋ ለምን ረዘመ? ከልብ ችግር ጋር የሚወለዱ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ ግን ጤነኛ ሆነው ተወልደው በኋላ የሚታመሙ ናቸው። መነሻው የጉሮሮ ሕመም ነው። አንዳንድ የጉሮሮ ሕመም በተሕዋስያን ምክንያት ይመጣል፤ ቤተሰብ ተጨናንቆ በሚያድርበት ቤትም በቀላሉ ይተላለፋል። በወቅቱ ካልታከመ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከክንድ ወደ ክንድ የሚዘዋወር ቁርጥማት ሊያስከትል ይችላል። ቁርጥማቱ ይለቃል፤ ጉዳቱ ግን በልብ ቫልቮች ላይ ይቀራል። ይህ ሲደጋገም ልጁ ዳገት መውጣት ያቅተዋል፣ ልቡ ይደልቃል፣ እግሩ ያብጣል። በበለጸጉት አገሮች ይህ በሽታ ጠፍቷል ለማለት ይቻላል። የሚያጠቃው እንደኛ ያለውን ድሃ ሕዝብ ነው።

የሚያሳዝነው በቀላሉ መከላከል የሚቻል መሆኑ ነው። የጉሮሮ ሕመሙ በጤና ጣቢያ በፔኒሲሊን ይድናል። አንዴ የታመመ ልጅም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለብዙ ዓመታት ከወሰደ ልቡ ከተጨማሪ ጉዳት ይጠበቃል። እኛ ግን ልጁ ጉሮሮዬን ሲል እንጥሉን እናስቆርጣለን። ይህ በሽታውን አያድንም፤ ይልቁንም ደም መፍሰስና መመረዝ ያመጣል። መርፌ የጀመረውም ልጅ ደህና ሲመስል፣ ወይም አዝመራ ሲደርስ ይቋረጥበታል።

«የአላህ ውሳኔ ነው» ብለው የሚቀመጡ አሉ። ውሳኔው የአላህ መሆኑን ሁላችንም እናምናለን። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለዋል፤ ግመልን አስሮ በአላህ መመካትንም አስተምረዋል። ሰበቡን ማድረስ የኛ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ከመካነ ሰላም፣ ከወግዲ፣ ከከላላ፣ ከሳይንት ገጠር አንድ ልጅ አዲስ አበባ ደርሶ እንዲታከም መጀመሪያ ከቀበሌው መውጣት አለበት። ከዚያ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ይቀጥላል። ሐኪሙ ገንዘብ ባይጠይቅም መኪናው ይጠይቃል፤ አልጋው ይጠይቃል፤ አባትየው ከእርሻው፣ እናትየው ከሌሎች ልጆቿ ይለያሉ። ነፃ የሆነው ሕክምና ለኛ ልጅ ነፃ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣው ሐኪም ድርሻውን ተወጥቷል። ከደጃችን እስከ ሐኪሙ ያለው መንገድ ግን የኛ ድርሻ ነው።

ወሎ ቅሬ ያለው አገር ነው። ሰው ሲሞት ሳንጠራራ እንሰበሰባለን፤ ቀባሪ ያጣ፣ ከፈን ያጣ የለም። በሽተኛም በቃሬዛ ተሸክመን ገደል እናወርዳለን፣ ዳገት እናወጣለን። ታዲያ ለሞተው ያለን አንድነት ለሕያው ሕፃን ለምን ያንሳል?

ስለዚህ ለመስጊዱ ኮሚቴና ለጀመዓው ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከጁምዓ ሰደቃ ጥቂቱ ተለይቶ ወደ ከፍተኛ ሕክምና ለተላኩ ሕፃናት መጓጓዣና ማደሪያ ይቀመጥ፤ ሂሳቡም በየጊዜው ለጀመዓው ይነገር። ከዘካ ሊሰጥ የሚገባውን ዑለማዎቻችን ይወስኑልን። ሁለተኛ፣ ወርሃዊ መርፌ የሚወስዱ ልጆችን ወላጆች የሚያስታውስ ሰው በየቅሬው ይመደብ። ቀዶ ሕክምና የተደረገለትም ልጅ ክትትል አይቀርለትም። ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተተካለት ልጅ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያስፈልገው ቤተሰቡ ብቻውን አይተው። ሦስተኛ፣ ስለ ጉሮሮ ሕመምና ስለ እንጥል ማስቆረጥ በኹጥባ፣ በቁርኣን ቤትና በእናቶች ስብስብ ይነገር። በዚህ የሚረዳው ልጅ የሙስሊም ይሁን የክርስቲያን አይጠየቅ፤ ጎረቤት ጎረቤት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ሕፃናቶቻችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትን ያሽርልን፤ ለሚያክሟቸው ሁሉ ብድራቸውን ይክፈልልን፤ እኛንም ከመናገር ወደ መሥራት ያድርሰን። አሚን።