አብሮ መሮጥ

የረጅም ርቀት ሩጫ ልምምድ በኢትዮጵያ ደጋ በአብዛኛው የቡድን ሥራ ነው። ሯጮች ጎህ ሲቀድ ይሰባሰቡና አንድ ሰልፍ ይሠራሉ፤ ፊት ያለው ፍጥነቱን ይወስናል፣ ተከታዩ የመሪውን እግር እያየ እርምጃውን ያስተካክላል። መምራት አድካሚ ስለሆነ ተራ በተራ ይቀያየራሉ። ይህ መደጋገፍ ከምርጥ ጫማ ይበልጣል።

ለምሳሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው የደጋ ከተማ በመካነ ሰላም የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነት ቀስ በቀስ ቀይ የደም ሕዋሳትን እያበዛ ይለምደዋል። ጀማሪ ግን፣ በተለይ ከቆላ የመጣ፣ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ጓደኛው እያወራው በዝግታ ቢሮጥ ይበጀዋል።

በኅዳር 1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ስመ ጥሩን አትሌት ከተራው ሯጭ ጋር በአንድ ጎዳና አሰልፏል። ነገ ለመሮጥ ያሰበ ዛሬ ማታ ጎረቤቱን ይቅጠር።