ስለ ገመዱና ስለ ጆሮ ጠቢው
(በተማሪዎች ማኅበር የሥነ ጽሑፍ ምሽት ሐዋሳ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን በዚሁ አዳራሽ የሆነውን የማያስታውስ በመካከላችን ይኖራል ብለን አናምንም። አንድ ወንድማችን ለፊልም ያዘጋጀውን የስለላ ድርሰት እያነበበልን ሳለ ገጽ 14 ላይ ደረሰ። በዚያ ገጽ ሰላዩ ከአንድ ትልቅ ሆቴል ጣሪያ በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ምሥጢሩ ክፍል ይወርዳል። ይህን ጊዜ ከኋላ ወንበር «ኩረጃ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሳቅም ተከተለ። ወንድማችን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ስብሰባችን አልተመለሰም።

ስለዚህ ጉዳይ እንድንናገር የተመደብነው እኛ ሦስታችን ከሳቁት መካከል ነበርን። ይህን አስቀድመን መናገር ይገባናል።

ኩረጃ በእኛ በተማሪዎች ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። በፈተና አዳራሽ የተነገረበት ሰው ወረቀቱን ይነጠቃል። ስለዚህ ቃሉን በአንድ ጓደኛችን ላይ ከመወርወራችን በፊት ገመዱ በእርግጥ የማን እንደ ሆነ መመርመር ነበረብን። ያን ጊዜ ያላደረግነውን ምርመራ ዘግይተንም ቢሆን አድርገነዋል።

የሳቅነው ሁላችንም በቪዲዮ ቤትም ሆነ በስልካችን ያየነውን «ሚሽን ኢምፖሲብል» አስታውሰን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው በመጀመሪያው ፊልም ቶም ክሩዝ ወለሉን ሳይነካ፣ ላቡን እንኳ ሳያንጠባጥብ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ምሥጢር ወደ ተቀመጠበት ክፍል ይወርዳል። ይሁን እንጂ «ሚሽን ኢምፖሲብል» ራሱ በ1966 በቴሌቪዥን የተጀመረ ተከታታይ ፊልም ሲሆን፣ ፈጣሪው ብሩስ ጌለር ሐሳቡን ያገኘው በ1964 ከወጣው «ቶፕካፒ» ከተባለው ፊልም ነው። በ«ቶፕካፒ» ውስጥ ሌቦች በኢስታንቡል ቤተ መንግሥት ሙዚየም በዕንቁ ያጌጠ ጩቤ ለመስረቅ አንድ ሰው ከላይ በገመድ ያወርዳሉ፤ ወለሉ የሰው እግር ከነካው ደወል ይጮኻልና። የዚህ ፊልም አዘጋጅ ጁልስ ዳሲን ደግሞ በ1955 በፈረንሳይ አገር «ሪፊፊ» የተባለ ፊልም ሠርቶ ነበር። በእርሱም ሌቦቹ ከፎቅ ቤት ወለሉን ሰርስረው ወደ ጌጣጌጥ መደብር ሲወርዱ፣ ግማሽ ሰዓት ለሚያህል ጊዜ አንድ ቃል እንኳ አይነገርም። ዳሲን እንግዲህ ከራሱ ኪስ ተበደረ ማለት ነው። ወንድማችን የያዘው ገመድ ወደ ሐዋሳ ከመድረሱ በፊት በስንት እጅ እንዳለፈ ተመልከቱ።

እንደዚህ ከሆነ ሁሉም የወደደውን ይውሰድ ማለታችን ግን አይደለም። የስርቆት ክስ በእውነት የሚነሣበት ጊዜ አለ። የጄምስ ቦንድ ደራሲ ኢያን ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1959 ገደማ ኬቪን ማክሎሪና ጃክ ዊቲንግሃም ከተባሉ ሰዎች ጋር ለፊልም የሚሆን ታሪክ አዘጋጅቶ ነበር። ፊልሙ ሳይሠራ ቢቀር፣ ፍሌሚንግ በ1961 ያንኑ ታሪክ «ተንደርቦል» ብሎ በራሱ ስም ብቻ በመጽሐፍ አወጣው። ሁለቱ ሰዎች ከሰሱት፤ ነገሩ በ1963 በስምምነት ሲያልቅ የታሪኩ የፊልም መብት ለማክሎሪ ሆነ። ከዚህም የተነሣ በ1983 ዓለም በአንድ ዓመት ሁለት ተፎካካሪ ቦንዶችን አየ፦ ሮጀር ሙር በ«ኦክቶፐሲ»፣ ሾን ኮነሪ ደግሞ በማክሎሪ መብት በተሠራው «ኔቨር ሴይ ኔቨር አጌን»። ሁለተኛው የድሮው «ተንደርቦል» እንደገና ተሠርቶ ነው። ጠቡ ከማክሎሪ ወራሾች ጋር ጨርሶ የተዘጋው በ2013 ነበር። ከ50 ዓመት በላይ መሆኑ ነው! እዚህ ላይ የተጣሉት ስለ ገመድ ወይም ስለ ሽጉጥ አልነበረም፤ ሦስት ሰዎች አብረው የደከሙበትን ታሪክ አንዱ ብቻውን ስለ ወሰደው ነው።

የእኛም አገር ሕግ ይህንኑ ልዩነት ያውቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለሐሳብ ጥበቃ አይሰጥም፤ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጠበትን ሥራ ነው።

ስለ ቦንድና ስለ ቦርን ክርክር ብዙ አንልም፤ በመኝታ ቤቶቻችን እስኪበቃን ተከራክረንበታል። ቦርን እ.ኤ.አ. በ2002 በሲኒማ ብቅ ሲል ቦንድ በዚያው ዓመት በማይታይ መኪና ይነዳ ነበር። በ2006 ቦንድ ከቦርን ትምህርት ወስዶ በቡጢ መደባደብና መቁሰል ጀመረ፤ በእኛ አስተያየት ጤናም አገኘ። በ2008 ግን ለድብድቡ ቀረጻ የቦርንን ባለሙያ ዳን ብራድሊን ቀጠሩና ትምህርቱን ትተው እጁን ወሰዱ። ያ ፊልም ለምን እንደማይጥም ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላገኘንም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። መቸም በአማርኛ ለዚህ ነገር ከእኛ በፊት ያሰቡበት አሉ። በቅኔ ቤት ቅኔ ማቅረብ «ዘረፋ» ይባላል። እንዴት ያለ ደፋር ቃል ነው! የቅኔው ልክ ከጥንት የተወሰነ ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት። ልኩን የወሰደውን ተማሪ ማንም ሌባ አይለውም። ነገር ግን የሌላውን ቅኔ ወይም የትናንቱን የራሱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ቢያሰማ ያፍራል። ሰሙን ከመጽሐፍ፣ ከገበያ፣ ከወደደው ቦታ ያምጣው፤ ወርቁ ግን ያልተሰማ መሆን አለበት።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ሮቹ ዓ.ም. የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ሲጽፉ የተነሡት ከፈረንሳዊው ላፎንቴን የእንስሳት ተረቶች ነበር። እንስሳቱ የተዋሱ ነበሩ፤ ነቀፋው ግን አዲስ አበባ ላይ ያረፈ ስለ ነበር ቴአትሩ ታገደ። ለላፎንቴን ተብሎ የታገደ አይመስለንም። በእኛ ዘመን ደግሞ ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. በወጣው በ«ዴርቶጋዳ» የውጭ የስለላ መጻሕፍትን አካሄድ ይዞ ምሥጢሩን ወደ ጣና ገዳማት አገባው። አካሄዱ የተዋሰ ነው ብለው የሚነቅፉትም መጽሐፉን ሳይጨርሱ አላስቀመጡትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የወንድማችንን ድርሰት እንደገና አነበብነው። ጉድለት አለበት፤ ነገር ግን ከኋላ ወንበር የተጮኸበት ጉድለት አይደለም። ሰላዩ በገመድ ወርዶ የሚሰርቀው ምንድን ነው? የአቶም ቦምብ ቀመር! የአቶም ቦምብ ቀመር በሐዋሳ ሆቴል ምን ይሠራል? እውነተኛው ትውስት ይህ ነው። ገመዱን ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱንም ከባሕር ማዶ አመጣው፤ የሰው ፍርሃት ደግሞ አያስፈራንም።

እኛ የራሳችን ፍርሃት ሞልቶናል። በእንግሊዞች ፊልም ሰላይ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ሴቶች የሚወዱት ጀግና ነው። በአማርኛ ግን ጆሮ ጠቢ ብለን የምንጠራው ሰው ነው፤ ስድብ ነው። አቶ ማሞ ውድነህ በካይሮ ስለ ሠራ የእስራኤል ሰላይ የሚናገረውን መጽሐፍ ሲተረጉሙ «የካይሮ ጆሮ ጠቢ» ብለው ሰየሙት፤ ታሪኩ የውጭ ቢሆንም ስሙ የመንደራችን ሆነ። ወላጆቻችን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ጠቋሚ ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ አብረውት ቡና ጠጥተዋል። ከእኛ መካከል በቤቱ ሰው ሲገባ ወሬ ሲለወጥ ያላየ ማን አለ?

ወንድማችን ይህን ያውቃል። ገጽ 9ን አስታውሱ። የሰላዩ እናት በአሞራ ገደል አጠገብ ባለው ቤታቸው ቡና አፍልተው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ስለ ልጃቸው ሲጨዋወቱ አንድ የማያውቁት ሰው ደጁን ይረግጣል። እናቲቱ ንግግራቸውን ሳያቋርጡ፣ ድምፃቸውንም ሳይለውጡ፣ የጀመሩትን ወሬ ወደ በርበሬ ዋጋ ያዞሩታል። ከዚያም «ግቡ፣ ቡና ደርሷል» ይላሉ። ይህ ሲነበብ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበር። እኛም ዝም ብለን ነበር። ሆኖም ከአምስት ገጽ በኋላ የሳቅነው ያንን ረስተን ነው። እንዲህ ያለ ነገር በቦንድም ሆነ በቦርን አላየንም።

ገመዱ ይቅር አንልም። ነገር ግን ሰላዩ ገመዱን ከሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጅ ለምኖ ያገኘው ቢሆን፣ አጥማጁም «ልጄ፣ ለምን ፈለግኸው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ሰላዩ ምን ይመልሳል? ማታስ አጥማጁ ይህን ለማን ያወራል? እኛ ከዚህ በላይ ማሰብ አልቻልንም፤ የደራሲው ሥራ ነው።

ድርሰቱ አሁን በማኅበሩ ጸሐፊ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። ገጽ 14 እና 15 ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገናል፤ ገጽ 9ን አልነካንም። «ኩረጃ» ብሎ የጮኸው ከእኛ ከሦስታችን አንዱ ነው፤ ነገ ከሰዓት በኋላ ወደ ወንድማችን መኝታ ቤት ለመሄድ ተስማምቷል። ሁለታችንም አብረነው እንሄዳለን። ወንድማችን ከፈቀደ በሚመጣው ስብሰባ ንባቡ ካቆመበት ከገጽ 14 ይቀጥላል።