የትኛው ትል? ለጥቂት ዶሮዎች የትል መድኃኒት ስለ መምረጥና ስለ መግዛት



በዚህ መድረክ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርቡት ሰፋፊ ጉዳዮች ናቸው፤ የወረርሽኝ ቁጥጥር፣ የክትባት አቅርቦት፣ የዝርያ ማሻሻያ። እኔ ዛሬ የመረጥሁት ጉዳይ ግን በአንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ውስጥ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ነው። 20 ዶሮ ያላቸው እናት ገብተው «የትል መድኃኒት ስጠኝ፣ ልጄ» ይላሉ። ሻጩ ከመደርደሪያው አንድ ነገር ያወርዳል፤ ሒሳብ ይከፈላል፤ ያበቃል። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ከተመረቃችሁ በኋላ ከዚያ መደርደሪያ ጀርባ ስለምትቆሙ፣ እነዚያ ሁለት ደቂቃዎች እንዴት ማለፍ እንዳለባቸው ከወዲሁ መነጋገሩን ወድጃለሁ።

«የትል መድኃኒት» የሚባል አንድ ነገር የለም። ይህን ደግሞ ቋንቋችን ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል። ወላጆቻችን ወስፋትን ከኮሶ ለይተው ይጠሩ ነበር። ኮሶ የሚጠጣው ለኮሶ ትል ነው፤ እንቆቆውም መተሬውም እንዲሁ። የዛፉ ስምና የትሉ ስም አንድ እስኪሆን ድረስ በሽታውና መድኃኒቱ ተጣምረው ኖረዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኮሶ አበባ ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች የገባውም በዚሁ በተለየ ሥራው ነው። ለሰው ሲሆን የምናውቀውን ልዩነት ለዶሮ ሲሆን የምንተወው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

በዶሮ አንጀት ውስጥም ሁለቱ ወገኖች አሉ። አስካሪዲያ ጋሊ የተባለው ትልቁ ክብ ትል የወስፋት ዘመድ ነው፤ ሴቲቱ እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች። ከትንሹ አንጀት በታች ባሉት፣ ጫፋቸው በተዘጋው ሁለት ከረጢቶች ውስጥ ሄቴራኪስ የሚባለው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ትል ይኖራል። ካፒላሪያ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ዓይን በቀላሉ አያገኘውም። በሌላው ወገን ራዬቲና እና ዘመዶቹ፣ ማለትም የዶሮ ኮሶ ትሎች አሉ። እነዚህ ከዶሮ ወደ ዶሮ በቀጥታ አይተላለፉም፤ ጉንዳን፣ ጢንዚዛ ወይም ቀንድ አውጣ በመካከል ያስፈልጋል። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ በግቢ ስትጭር የምትውል የሀበሻ ዶሮ ኮሶ ትል የመያዝ ዕድሏ፣ በጉዝጓዝ ላይ ተዘግታ ከምታድግ ዶሮ እጅግ የበዛ ነው።

አሁን ወደ መደርደሪያው እንመለስ። ፒፔራዚን በዱቄት መልክ ይሸጣል፤ በውሃ ይሟሟል፤ ርካሽ ነው። የሚሠራው ግን በመሠረቱ ለትልቁ ክብ ትል ብቻ ነው፤ ትሉን ያሽመደምደውና አንጀቱ ገፍቶ ያስወጣዋል። ለኮሶ ትል ከንቱ ነው። ቴትራሚሶልና ሌቫሚሶል ለክብ ትሎች ሰፋ ያለ ኃይል አላቸው፤ ነገር ግን በሚያድነውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ከሌሎቹ ይልቅ ጠባብ ነው። አልቤንዳዞልና ፌንቤንዳዞል ክብ ትሎችን ይገድላሉ፤ አልቤንዳዞል ለኮሶ ትልም የሚሠራው መጠኑ ከፍ ሲል ነው። ፕራዚኳንቴል ኮሶ ትልን በሚገባ ይገድላል፤ ክብ ትልን አይነካም። ስለዚህ «ጥሩው የቱ ነው?» ለሚል ጥያቄ፣ ትሉ ሳይታወቅ መልስ መስጠት አይቻልም።

ትሉን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የኩስ ምርመራ ነው። የገበታ ጨው በሙቅ ውሃ ውስጥ አልሟሟ እስኪል ድረስ ጨምሮ በማቀዝቀዝ የሚዘጋጅ ፈሳሽና አንድ ማይክሮስኮፕ ይበቃሉ። በዚህ ምርመራ የአስካሪዲያንና የሄቴራኪስን እንቁላል መለየት አስቸጋሪ መሆኑን፣ ገና እንቁላል መጣል ያልጀመረ ትልም እንደማይታይ አስታውሱ። አስካሪዲያ ለአቅመ እንቁላል ለመድረስ ከ5 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የ45 ቀን ቄብ ተገዝታ ስትመጣ ኩሷ «ንጹሕ» ቢባል ብዙ አያጽናናም።

ሁለተኛው መንገድ ማይክሮስኮፕ አይፈልግም፤ በየቤቱም አለ። በበዓል ዶሮ ሲበለት አንጀቱ ይጣላል። ከመጣሉ በፊት በመቀስ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ውሃ ባለበት ነጭ ሳህን ላይ ቢዘረጋ፣ ክቡን ትል ከጠፍጣፋው፣ እንደ ጥብጣብ ከተቆራረጠው ትል ማንም ሰው ይለያል። እነዚህ የዶሮ ትሎች ወደ ሰው ስለማይተላለፉ የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ እጅን በሳሙና መታጠብ ይበቃል። የገና ዶሮ ለቀሩት ዶሮዎች የምትሰጠውን ይህን ምስክርነት የምንጥለው ከሽንኩርቱ ቅርፊት ጋር ነው።

ደግሞም ዶሮዋ የታመመችው በትል ላይሆን ይችላል። ደም የተቀላቀለበት ኩስ፣ በተለይ በጫጩትና በቄብ ላይ ሲታይ፣ መጀመሪያ ሊያስጠረጥር የሚገባው ኮክሲዲዮሲስን ነው፤ እርሱ ትል አይደለም፤ መድኃኒቱም እንደ አምፕሮሊየም ያለ ሌላ ነው። ብዙ ዶሮ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ከረገፈ ደግሞ ፈንግልን አስቡ። ለፈንግል የትል መድኃኒት መሸጥ ገንዘብ መውሰድ ብቻ ነው።

ትሉ ታወቀ እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው ችግር፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚከብደው፣ የመጠን ነው። በመደብሮቻችን ያለው አልቤንዳዞል በአብዛኛው ለበግና ለከብት የተሠራ ነው፤ የበጉ እንክብል 300፣ የከብቱ 2500 ሚሊ ግራም። እንግዲህ እናስላ። ከ20ዎቹ ዶሮዎች አምስቱን በዘንቢል አድርገን መዘንና አማካዩ 1.4 ኪሎ ሆነ፤ ጠቅላላው 28 ኪሎ ነው። ሐኪሙ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም አዘዘ እንበል። የሚያስፈልገው 280 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከአንድ የበግ እንክብል ጥቂት ያነሰ ነው። በስህተት የከብቱ እንክብል ለ20ዎቹ ቢሰጥ መጠኑ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይደርሳል። አልቤንዳዞል ከመጠን ሲያልፍ በእርግቦች ላይ የአጥንት መቅኔን እንደሚጎዳ ይታወቃል፤ በአእዋፍ ላይ «ቢበዛም አይጎዳም» የሚለው አባባል መሠረት የለውም።

አሰጣጡም እንዲሁ ነው። አልቤንዳዞል በውሃ አይሟሟም፤ ይዘቅጣል። በመጠጫቸው ውስጥ ብትበትኑት ቀድማ የጠጣችው ዶሮ ውሃ፣ መጨረሻ የጠጣችው መድኃኒት ታገኛለች። የበጉን እንክብል አድቅቃችሁ በ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ብትበጠብጡት ግን እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ 1.4 ኪሎ የምትመዝን ዶሮ 1.4 ሚሊ ሊትር በመርፌ አልባ ሲሪንጅ በአፏ ትወስዳለች። ከእያንዳንዷ ዶሮ በፊት መነቅነቅ ግድ ነው። ሌሊት በቆጥ ላይ እያሉ ከተያዙ ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ስለ አይቨርሜክቲን ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ለከብት የሚወጋው አንድ በመቶው መድኃኒት አንድ ሚሊ ሊትሩ 50 ኪሎ ለሚመዝን እንስሳ ነው። ለ1.5 ኪሎ ዶሮ 0.03 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው፤ ይህን በተለመደው የ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ የሚለካ እጅ አላየሁም። ኮሶ ትልን አይነካም፤ በስብ ስለሚሟሟም በእንቁላሉ አስኳል ውስጥ ለቀናት ይቆያል።

እንቁላሉ ላይ ደረስን። በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ ፌንቤንዳዞል በመጠጥ ውሃ፣ በኪሎ አንድ ሚሊ ግራም ለአምስት ተከታታይ ቀናት፣ እንቁላሉ ሳይጣል እንዲሰጥ ተፈቅዷል። ግን ያ ዝግጅት የተሠራው ለትልልቅ እርባታዎች ነው፤ አንድ ሚሊ ሊትሩ 200 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ ለእኛ 28 ኪሎ በቀን 0.14 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ለሌላ እንስሳ የተሠራ መድኃኒት ለዶሮ ሲሰጥ ግን በጥቅሉ ላይ ስለ እንቁላል የተጻፈ ነገር የለም፤ ስንት ቀን እንደሚጣል ወይም እንደማይሸጥ ሐኪሙ መወሰንና መጻፍ አለበት። በአገራችን መንደሮች የዚያ እንቁላል የመጀመሪያ ተመጋቢ ብዙውን ጊዜ የቤቱ ሕፃን ነው። ስለዚህ «እንቁላሉን ማን ነው የሚበላው?» የሚለውን ጥያቄ ሻጩ ሒሳብ ከመቀበሉ በፊት ይጠይቅ።

በክርስቲያኑ አካባቢ ለዚህ ጥሩ ጊዜ አለ፤ የዐቢይ ጾም መግቢያ። ቤተሰቡ ለ55 ቀን እንቁላል አይበላም፤ ገበያውም ይቀዘቅዛል፤ የሚጣለው እንቁላል ኪሳራው ትንሽ ነው። ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ መስጠት ግን የተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ለፋሲካ የሚጠራቀመው እንቁላልና የሚታረደው አውራ ዶሮ መድኃኒት ይዘው ይገኛሉ።

ግዢውን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የተመዘገበ፣ የአገልግሎት ማብቂያው ያላለፈ፣ ጥቅሉ ያልተከፈተ ይሁን። በገበያ ቀን በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ በፍሬ የሚሸጠውን አትግዙ፣ አታስገዙ። ጥቅሉ ለአንድ ቤት ከበዛ፣ ከፍሎ በወረቀት ከመጠቅለል ይልቅ አምስት ጎረቤቶች ተዋጥተው በአንድ ቀን ቢሰጡ ይሻላል፤ ዶሮዎቹ እንደሆኑ አጥር አያውቁም፤ የአንዱን ግቢ ትል ለሌላው ያደርሳሉ።

በተሰጠ በሁለተኛው ሳምንት ኩሱን ደግማችሁ መርምሩ። መድኃኒቱ በአንጀት ያለውን እንጂ በመሬት ያለውን እንቁላል አይነካም፤ የአስካሪዲያ እንቁላል በእርጥብ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። መድኃኒቱ በተሰጠ ማግስት ጉዝጓዙን ጠርጎ ማውጣትና ቆጡን በፀሐይ ማድረቅ የሕክምናው ግማሽ ነው። «በየሦስት ወሩ ስጡ» የሚለውን፣ በየበራሪ ጽሑፉ የሚገለበጠውን ምክር ግን እኔ አላስተምርም፤ ምርመራው ትል የለም ካለ ገንዘቡ ለመኖ ይዋል።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ በመድኃኒት ቤት እየሠራችሁ የምትማሩት፣ አሁን ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።